መጀመሪያ የእሳቸውን

ተማሪዎቿ «ቲቸር ድገሙ» ይሏታል። ስለ መነጋገርና ጠብ ስለ ማብረድ የምታስተምራቸው እሷ ናት፤ ዘዴዋም ደስ ይላል። የተጣሉ ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንደኛው ይናገራል፤ ሌላው መልስ ከመስጠቱ በፊት የሰማውን ይደግማል። ተናጋሪው «አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ መልስ የለም። ቀላል ይመስላል አይደል? ተናደው ሳለ ይሞክሩትና ይዩት! አፍ ለመልስ ሲቸኩል ጆሮ ምን ያህል እንደሚደነቁር ያን ጊዜ ይገባል።

የሚገርመው፣ እሷ ራሷ ቱግ ባይ ናት። ባሏ «ዘዴሽን ትምህርት ቤት አስቀምጠሽው ነው የምትመጪው?» እያለ ይቀልድባታል።

ያን ቀን ግን ቀልድ አልነበረም። ሁለት ልጃገረዶች ሲጣሉ ርዕሰ መምህሩ ምንም ሳይጠይቁ አጨባብጠው ሸኝተዋቸው ነበር። እጅ ተጨባበጡ፤ ቂሙ እንዳለ ቀረ። በሳምንቱ ከሁለቱ ረጅሟ ሌላዋን በጥፊ አጮለቻት። ርዕሰ መምህሩም «ትባረር» አሉ።

መምህሯ የቢሮው በር ላይ የቆመችውን ረጅሟን ልጅ አልፋ ዘው አለች።

«ሳይሰሙ አስታረቁ፤ አሁን ደግሞ ሳይሰሙ ሊያባርሩ ነው?»

«የአንቺ ትምህርት ውጤት እኮ ነው ይሄ! ተማሪ ስታጫውቺ...»

«ማጫወት? ማጫወት ነው ያሉት?» ጠረጴዛውን በጥፊ መታችው። እስክሪብቶው ተንከባሎ ወደቀ።

«ቲቸር» አለች ልጅቷ ከበሩ፣ «መጀመሪያ የእሳቸውን ይድገሙ።»

ደሟ ፈላ። ልታድናት መጥታ በእሷው ተያዘች! ጥርሷን ነክሳ፣ «ጥፋቱ የትምህርቴ ነው ብለዋል» አለች።

«እሱን ንዴት ነው ያናገረኝ» አሉ ርዕሰ መምህሩ። «የተመታችው ልጅ እናት መምህራን ፊት አዋረደችኝ። ይቺን ካላባረርኩ ነገም መጥታ ታዋርደኛለች።»

ያንንም ደገመችው።

«አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት።»

«አሁን እርስዎ የእኔን።»

«ምን ነበር ያልሽው?»

ከሁሉ ያናደዳት ይሄ ነው። ያን ሁሉ ስትጮህ ምንም አልሰሙም! «ሁለቱንም ሳይሰሙ አያባርሩ!»

«ሁለቱንም ሳልሰማ... እንዳላባርር።» ወንበር ሳቡላት። «እሺ፣ ያቺኛዋም ትጠራ። ከሰማሁ በኋላ እወስናለሁ።»

ንዴቷ ግን አልበረደም። ኮሪደሩ ላይ ልጅቷ ላይ አፈጠጠችባት።

«ዳግመኛ ሰው ፊት እንዳትለማመጂብኝ!»

«ዳግመኛ ሰው ፊት እንዳልለማመድብዎ ነው ያሉት?»

«አዎ!» አለች ጥርሷን እንደነከሰች፣ «እሱን ነው ያልኩት።»