የአባይነህ አርባ በመቶ

አባይነህን ሰነፍ የሚለው ሰው ካለ ከኔ ጋር ይጣላል። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ከዴንቨር ኤርፖርት ተሳፋሪ ሲያመላልስ በረዶ ጣለ ብሎ የቀረበትን ቀን አላስታውስም። ከሚስቱ ከሮማን ጋር ኦሪጅናል ኦሮራ በሚባለው ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ፤ ሊፍት የለውም። ሮማን የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሰው ስታነሳና ስታገላብጥ ወገቧ አልቋል፤ ማታ ስትገባ ደረጃው ላይ ሁለቴ ታርፋለች። ምኞቷ አንድ ነበር፤ ግሪን ቫሊ ራንች የሚባለው ሰፈር ውስጥ ትንሽ ቤት። "ደረጃ አይኑረው እንጂ ሌላው አይገደኝም" ትል ነበር።

እኔ ምናሉ እባላለሁ፤ እንደ አባይነህ ሹፌር፣ በዚያ ላይ የዕቁባችን ጸሐፊ ነኝ። ሠላሳ ሰዎች ነን። በየሁለት ሳምንቱ እሁድ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ካለ ምግብ ቤት የጀርባ ክፍል ተሰብስበን እያንዳንዳችን አንድ ሺህ ዶላር እንጥላለን፤ ዕጣ የወጣለት ሠላሳ ሺውን ይዞ ይሄዳል። ቀድሞ የሚወስድ ሰው ግን ዋስ መጥራት አለበት፤ ወስዶ ቢጠፋስ? ባለፈው ዙር ለአባይነህ በአራተኛው እሁድ ወጣለት። ዋሱ ማን ሆነ? እኔው። ሮማን የዚያን ቀን እልልታዋን አቀለጠችው፤ የቤቱ ቅድመ ክፍያ ሞላ ማለት ነበር።

ችግሩ አባይነህ ከዚያ በፊት የነካካው ነገር ነበረ። በስልኩ አክሲዮን እየገዛ እየሸጠ አምስት ሺህ ዶላሩን በስድስት ወር ሰባት ሺህ አድርጎ ለመኪናው ዕዳ ከፍሏት ነበር። አርባ በመቶ! ያቺ ቁጥር ጭንቅላቱ ውስጥ ገብታ ቁጭ አለች። ሰው ደሞዙን እንደሚጠብቅ እሱ አርባ በመቶውን ይጠብቅ ጀመር።

"ሠላሳው ሺህ አንድ ዓመት ቢሠራልኝ አርባ ሁለት ሺህ ነው" አለን፤ ቤታቸው ምሳ እየበላን። "ሁለት ዓመት ቢቆይ ወደ ስልሳ። ምን ያስቸኩለናል?"

የሮማን እህት ልጅ ስምረት አብራን ነበረች። በልጅነቷ መጥታ እዚህ ያደገች አካውንታንት ናት።

"ጋሼ፣ ያኔ እኮ ማርኬቱ በሙሉ ነው የወጣው። ሁሉም ሰው አትርፏል" አለችው። "በሎንግ ተርም አቬሬጁ ወደ አሥር ፐርሰንት ቢሆን ነው፤ እሱም ገዝቶ ዝም ብሎ ለሚቀመጥ ሰው። የዋጋ ንረቱ ሲቀነስለት ስድስት ሰባት ይቀራል። ሃያ ፐርሰንት የሚወርድበት ዓመትም አለ። በየቀኑ ትሬድ የሚያደርጉትማ አብዛኞቹ ይከስራሉ።"

"አሥር በመቶ ለጡረተኛ ነው!" ብሎ ሳቀ አባይነህ። እኔም ሳቅሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ አብሬው ሳቅሁ። ሮማን አልሳቀችም፤ ግን ባሏን ታምነው ነበር። "አንድ ዓመት ብቻ" አለችው።

ገበያው የሚከፈተው በኛ ጠዋት ነው፤ ልክ የኤርፖርት ሥራ በሚደራበት ሰዓት። አባይነህ ሹፌሮች ተራ በምንጠብቅበት ፓርኪንግ መኪናውን አቁሞ፣ ስልኩ ላይ አፍጥጦ፣ የመጣለትን ተሳፋሪ እያሳለፈ ይውል ጀመር። አንዱን ገዛ፣ ወረደ፣ ደንግጦ ሸጠ። ሌላ ገዛ፣ ወረደ፣ ሸጠ። ለሦስተኛ ጊዜም እንደዚያው ሆነ። ሠላሳው ሺህ ሃያ አንድ ሺህ ላይ ደረሰ። አንድ ሐሙስ መኪናው ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ።

"በቃህ፤ የቀረውን አውጣና ለሮማን ስጣት" አልኩት።

"ሦስቴ ሳይወጣልኝ ቀረ ምናሉ። አሁን ተራዬ ነው።"

"የምን ተራ?"

"አንተ የዕቁብ ጸሐፊ አይደለህ? ስንት እሁድ ባዶ እጁን የሄደ ሰው፣ ብርጭቆው ውስጥ ያለው የዕጣ ወረቀት ባነሰ ቁጥር ዕጣው ይቀርበዋል። የኔም ደርሷል።"

ከዕቁብ ልጅ በቀር እንዲህ የሚሳሳት ያለ አይመስለኝም። እኛ የምናውቀው ገንዘብ ተራ ያከብራል፤ የታገሰ ሁሉ ይደርሰዋል፣ ማንም ሳይወስድ አይቀርም። ያ ስልክ ውስጥ ያለው ገበያ ግን የማንንም ስም አልመዘገበም። አባይነህ ሦስቴ መክሰሩን ገበያው አያውቅም፤ ቢያውቅም ደንታ የለው። ይህን ያኔ ብነግረው ምን ነበረበት! አፌን ምን ያዘኝ? "እስቲ ይቅናህ" ብዬው ወረድኩ።

በዚያው ቀን ሃያ አንዱን ሺህ በሙሉ በማግሥቱ ጠዋት ትርፉን ሊያሳውቅ በነበረ አንድ ኩባንያ ላይ አዋለው። አልበቃ ብሎት አክሲዮን ከሚያሻሽጠው ድርጅት ያንኑ ያህል ተበድሮ ጨመረበት። ዓርብ ገበያው ሲከፈት አክሲዮኑ ከዋጋው ሲሶ በላይ አጥቶ ቁልቁል ወርዷል። ድርጅቱ ብድሩን ለማስመለስ ሁሉንም ሸጠበት። ለአባይነህ የተረፈችው ስድስት ሺህ ሰባት መቶ ዶላር ናት። ለሮማን ከሥራ ሲመልሳት መኪና ውስጥ ነገራት። 

እሁድ ልጠይቃቸው ስሄድ አባይነህ ስምረትን ደውሎ ጠርቷት አገኘኋት።

"የኔ ልጅ፣ በትክክለኛው አስይልኝ" አላት። "ይቺ ስድስት ሺህ ሰባት መቶ ተመልሳ ሠላሳ ሺህ ለመሆን ስንት ዓመት ይፈጅባታል?"

ስምረት ስልኳ ላይ መታች፤ ደግማም መታች።

"በየዓመቱ ስምንት ፐርሰንት ቢያገኝ... ወደ ሃያ ዓመት፣ ጋሼ።"

አባይነህ ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው። "ሰባ ሦስት" አለ። ሮማን ተነስታ ሰሃን ማጠብ ጀመረች። የታጠቡትን ነበር ደግማ የምታጥባቸው።

ከሁሉ አንጀቴን የበላኝ ደግሞ ዕቁቡ ነው። ቀድሞ የወሰደ ሰው ዙሩ እስኪያልቅ ይከፍላል። አባይነህ በእጁ ለሌለ ገንዘብ በየሁለት ሳምንቱ እየመጣ ሺህ ዶላሩን ቆጥሮ ሰጠኝ። አንዴም አላጓደለም፤ እኔ ዋሱ አምስት ሳንቲም አልከፈልኩለትም። ቢዘገይና ብጮህበት ይሻለኝ ነበር።

ዙሩ አለቀና አዲስ ምዝገባ ጀመርን። ሮማን ብቻዋን መጣች።

"ጋሽ ምናሉ፣ አሁን በኔ ስም ይጻፉልን። ሠላሳኛ ያድርጉኝ።"

መጨረሻ ልሁን ላለ ሰው ዕጣ አይጣልም፤ የሚሻማበት ስለሌለ እንዲሁ ይጻፍለታል። ቢሆንም፣ "ሮማን፣ ዓመት ከሁለት ወር እኮ ነው። ወገብሽስ?" አልኳት።

"ይቆይ። ገንዘቡ ቤት ውስጥ ቀድሞ ባይገባ ይሻለኛል" አለች። ጻፍኳት።

ሰኞ ጠዋት አባይነህ ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናዬን አንኳኳ። መስታወቱን አወረድኩ።

"ስንተኛ ደረሳት?"

"ሠላሳኛ።"

"በዕጣ ነው?"

"አይደለም። ራሷ ጠይቃ።"



"ዋስ ጠየቃችኋት?"

"መጨረሻ የሚወስድ ሁሉን ከፍሎ የጨረሰ ነው። ዋስ አያስፈልገውም። ታውቃለህ እኮ።"

"አውቃለሁ" አለ። "ቢያስፈልጋት እኔ እሆንላት ነበር።"

ስልኩ ጮኸ፤ ተሳፋሪ መጥቶለት ነበር። ወደ መኪናው ሄደ።