ያለ ከበሮ መቺው ባርጋቫን

ባርጋቫን የተወለደው በደቡብ ህንድ፣ ከትሪሹር ከተማ ወጣ ብላ ባለች መንደር፣ ከከበሮ መቺዎች ቤት ነው። አባቱም አያቱም በቤተ መቅደሳችን ክብረ በዓል፣ ለበዓሉ በተሸለሙ ዝሆኖች ፊት ቆመው ሲመቱ ኖረዋል። እሱ ግን በዘጠኝ ዓመቱ ከማንጎ ዛፍ ወድቆ የግራ እጁ አንጓ አልታጠፍ አለ። ከበሮው ስለቀረበት ትምህርቱን ያዘ፤ ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ በሰውነት ውስጥ የተፈጠረ ጠጠርን በድምፅ ሞገድ እየመታ የሚያደቅ ማሽን ያንቀሳቅሳል። ወንድሞቹ «ያለ ከበሮ መቺው» ይሉታል።

«እናንተማ ስትመቱ ሰው ይጨፍርላችኋል፤ በእኔ ምት ማን ይጨፍራል?» ይላቸዋል እየሳቀ።

እኔ ያወቅሁት በልጅ ልጄ በአምቢሊ ምክንያት ነው። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የቆሽቷን ቱቦ ጠጠር ዘግቶባት፣ በበላች ቁጥር ሆዷን ይዛ ትጠቀለል ነበር። ጠጠሩ ሁለት ቀን በባርጋቫን ማሽን ተመትቶ አልሰበር አለ። ድምፁ ስለሚያስፈራት ትንቀጠቀጣለች፤ ስትንቀጠቀጥ ምቱ ጠጠሩን ይስታል። ሐኪሟ «ዛሬም ካልተሰበረ ቀዶ ጥገና ነው» አለችን።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብዬ፣ «የኔ ጨረቃ፣ የክብረ በዓሉ ከበሮ ነው ብለሽ ስሚው» አልኳት። ጥሩ የመከርኩ መስሎኝ!

ከደረቷ በታች በመርፌ አደነዘዟት እንጂ አላስተኟትም። ለእኔ ከባዱን የራጅ መከላከያ ሽርጥ አለበሱኝና አጠገቧ ቆምኩ። ጧ፣ ጧ፣ ጧ አለ ማሽኑ። የአምቢሊ ፊት በራ። ከዚያ፣ ከበሮ ሲሞቅ ሁላችንም እንደምናደርገው፣ ሁለት እጇን ወደ ላይ ሰቀለች!

ባርጋቫን ማሽኑን አቆመ። «ምን ሆንሽ?»

«ሞቀ እኮ፣ ጋሼ!»

«ሞቀ? ጠጠርሽ ከዒላማው ወጣብኝ! ማነው ይህን ያስተማረሽ?»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ» አልኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«አይዞዎት እማማ። እኔም አንዳንዴ እጄ ሊያመልጠኝ ይደርሳል።» በራጁ እያየ ዒላማውን አስተካከለና ወደ እሷ ዞረ። «እጅ መስቀል የተመልካች ሥራ ነው። አንቺ ዛሬ ከመቺዎቹ ወገን ነሽ። መቺ ከቦታው አይነቃነቅም፤ በአውራ ጣቱ ሌሎቹን ጣቶች እየነካ ይቆጥራል። አባቴ እንዲህ ነው ያስተማረኝ።»

ጧ፣ ጧ። ትንሿ አውራ ጣት ከጣት ጣት ትሄድ ጀመር። ሰውነቷ እንደ ድንጋይ ረጋ። አንድ ሰዓት ያህል ቆጠረች፤ እሱም በየመሀሉ ወንድሞቹ የሚሉትንና የሚመልስላቸውን አጫወታት።

«ጋሼ፣ አንድ ዘለልክ!»

«እኔ? ማሽን ይዘላል እንዴ? አንቺ ነሽ ያንቀላፋሽው።»

«ውሸታም!»

ሲያበቃ ሐኪሟ መጥታ ምስሉን አየች። ጠዋት ሽምብራ ያክል የነበረው ነጭ ነገር ተበትኖ የተፈጨ ጨው መስሏል። «ደቋል» አለች። «ፍርፋሪውን ነገ በቀጭን ቱቦ እንጠርጋለን። ቀዶ ጥገናው ቀርቷል።»

«አሁን ይፈቀዳል!» አለ ባርጋቫን፤ እጆቹን ሰቀለ፣ ያ አልታጠፍ ያለው ግራ እጁም ጭምር። አምቢሊ ሰቀለች። እኔም ከነሽርጤ ሰቀልኩ። ሐኪሟ ሳቀች።

«ጋሼ፣» አለች አምቢሊ፣ «ለወንድሞችህ ንገራቸው። በአንተ ምትም ሰው ጨፍሯል።»

ባርጋቫን ቀድሞ ያጠፋውን ማሽን እንደገና ሊያጠፋ ጎንበስ አለ።