አባቴ የተጠራጠራት ቀለበት

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ የዓመት ፈቃድ ወጥቶ ከደብረ ዘይት ወደ እኛ፣ ወደ አዋሳ መጣ። የጦር አውሮፕላን ሞተር መካኒክ ነበር። እጁን ምን ቢፈትገው የዘይት ሽታው አይለቅም፤ እኔ ግን ያን ሽታ እወደው ነበር።

በማግስቱ ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ወስዶ የተጠበሰ ዓሣ አዘዘልኝ። እሾሁን እየለቀመልኝ ሳለ ጣቶቹ ድንገት ቆሙ። «ቀለበቷን አስገብቻታለሁ?» አለ ለራሱ። ከዚያ ብድግ ብሎ፣ «ተነሺ ሚሚ!» አለኝ።

ምሳዬን ትቼ ጋሪ ላይ ወጣሁ። ምን እንደሆነ ብጠይቀው አስረዳኝ፦ ሞተሩ ውስጥ ያሉት ኩሽኔታዎች ያለ ዘይት አይዞሩም፤ ዘይቱ ወደ እሳቱ እንዳያመልጥ ደግሞ ከራሱ ከሞተሩ የሚመጣ የታመቀ አየር በማሸጊያዎቹ በኩል እየገፋ ያግደዋል። «አንዲት የማሸጊያ ቀለበት ከጎደለች አየሩ ይሾልካል፣ ዘይቱ ይወጣና ይቀጣጠላል» አለኝ። ወደ እኛ ሊመጣ ሲል፣ አውቶቡስ እንዳያመልጠው እየተጣደፈ ነበር ሞተሩን የዘጋው። አውሮፕላኑ የሚነሣው ደግሞ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት።

መናኸሪያ አጠገብ ያለው ስልክ ቤት ሰልፉ እስከ በር ደርሷል። አባቴ መቆም አቃተው፤ ይወጣል፣ ይገባል፣ ሰዓቱን ያያል። ከፊታችን የነበሩ አንዲት እናት፣ «ሰው ታሞብህ ነው ልጄ?» አሉት።

«አልታመመም እማማ፤ ግን ሊሞትብኝ ይችላል» አላቸው። ተራቸውን ለቀቁለት።

የሥራ ጓደኛውን አገኘው። «አስቁመው! በእኔ ይሁን፣ አስቁመውና ክፈተው!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ መልሰው እስኪደውሉልን ድረስ ጠበቅን፤ እሱ ከበር እስከ ግድግዳ እየተመላለሰ፣ እኔ አግዳሚው ላይ እየተቁነጠነጥኩ። ስልኩ ሲጠራ አዳመጠና መሬት ላይ ቁጭ አለ። ቀለበቷ በቦታዋ ነበረች።

«ታዲያ ምሳዬን ለምን አስተውከኝ?» ብዬ አለቀስኩ።

«የምበርበት እኔ ብሆን ኖሮ ጨርሰን እንነሣ ነበር» አለኝ።

ሥራ ሲመለስ አለቃው፣ በረራውን በከንቱ አስቆምክ ብሎ በቁጣ ነው የተቀበለው። እሱ ግን ቅር አላለውም።

ዛሬ አባቴ የለም። አዋሳም ሀዋሳ ተብላ፣ ጋሪው በባጃጅ ተተክቶ፣ ስልኩም ከኪሳችን ገብቷል። እኔ መሐንዲስ ሆኜ ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች ፕላን ላይ እፈርማለሁ። አንዱም ግን ከመቀመጫዬ አስነሥቶኝ አያውቅም። ያኔ ያስለቀሰኝን የአባቴን ዕረፍት ማጣት አሁን እመኘዋለሁ።