አራት ላይ የቀረው ስክሪን

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት በፍልሰታ ጾም ነው። ያልረሳሁት ነገሩ ዛሬም ስላላለቀልኝ ነው።

የደባርቅ ልጅ ነኝ፤ ፒያሳ ቤት ተከራይቼ በኮምፒውተር ፕሮግራም ሥራ እተዳደራለሁ። ቸርችል ጎዳና አናት ላይ ላለች ትንሽ ክሊኒክ የሕፃናት ክትባት የሚቀመጥበትን ፍሪጅ የሚጠብቅ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። ሙቀቱን ያነባል፣ ስክሪን ላይ ያሳያል፣ ይመዘግባል፤ ፍሪጁ ከሞቀ ይጮኻል።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነርሷ ሲስተር ዘሐራ ደወለች። «እጄን ፍሪጁ ውስጥ ከትቼ ነበር፤ ሞቋል። ስክሪንሽ ግን አራት ዲግሪ ነው ይላል።»

ሮጬ ደረስኩ። አንዲት እናት የልጇን ጭን ገልጣ ተራ ትጠብቃለች። ፍሪጁ ድምፁ የለም። ስክሪኑ አራት። ለስክሪኑ ሙቀት የሚያነብለትን ቴርሞሜትር ከፍሪጁ አውጥቼ መዳፌ ውስጥ ጨበጥኩት። አራት። ተነፈስኩበት። አራት።

ለፕሮግራሙ «አቁም» የሚለውን ምልክት ላክሁለት። ወትሮ ወዲያው ይዘጋል። አልዘጋም። ደገምኩ። በሕይወት አለ፤ ግን አይሰማም። አማተብኩ።

«ማማተቡ ይደርሳል፣ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ከሶኬት ንቀይው!» አለች ሲስተር ዘሐራ። እሷም ግን በሹክሹክታ ቢስሚላህ ትላለች።

በግድ አጥፍቼ መዝገቡን ከፈትኩ። የመጨረሻው መስመር ስድስት ሰዓት ላይ መሐሉ ላይ ተቆርጧል።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ፕሮግራሙ በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን የሚሠሩ፣ እኛ «ክር» የምንላቸው ክፍሎች አሉት። አንዱ መዝገቡ ላይ ሲጽፍ ሌላው እንዳይገባበት ይቆልፈዋል። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ታድሶ እንዲነሳ «አቁም» ይላክለታል፤ ምልክቱ ለየትኛው ክር እንደሚደርስ ግን አይታወቅም። እኔ ደግሞ አምላኬን ሳላመሰግን ከሥራ አልነሳምና፣ ምልክቱ የደረሰው ክር ከመዘጋቱ በፊት መዝገቡ ላይ «ተመስገን» ብሎ እንዲጽፍ አዝዤው ነበር።

ለወራት በደህና ጻፈ። ያን ቀን ግን ምልክቱ የደረሰው መዝገቡን ቆልፎ በመጻፍ ላይ ለነበረው ክር ነው። ጽሑፉን አቋርጦ ሊያመሰግን ቢል መዝገቡ ተቆልፏል፤ የቆለፈው ራሱ ነው። ራሱን ሲጠብቅ ቀረ። ሌሎቹም እሱን ሲጠብቁ ቀሩ። ፍሪጁ ከዚያ በኋላ ሲበላሽ የሚጮኽ አልነበረም።

«ከስድስት ሰዓት ወዲህ የተከተበ አለ?» አልኳት።

ደብተሯን ገለጠች። «ሁለት ልጆች።»

አንዱ በማግስቱ መጥቶ በደህናው መድኃኒት ተከተበ። የሁለተኛዋ እናት አምስት ኪሎ አካባቢ ነው የምትኖረው ተብሎ ብንጠያይቅም አጣናት።

ፕሮግራሙን አስተካክያለሁ። ልጅቷን ግን በጸሎት ላስባት ስፈልግ የክርስትና ስሟን አላውቅም፤ ክርስቲያን መሆኗንም እንዲሁ። «ያቺን ልጅ» እላለሁ። ዛሬ ጠዋትም ደብተሩ ላይ ወደተጻፈው የእናቷ ስልክ ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፤ ማንም አላነሳም።