ከውስጥ የሚዘጋ በር

በግቢያችን ካሉት ክፍሎች አንዱም ከውስጥ አይቀረቀርም ነበር። መቀርቀሪያዎቹን ሁሉ የነቀለችው እህቴ ናት። ቦታቸው ግን እስከ ዛሬ በሮቹ ላይ ይታያል፤ ቀለም ያልነካው ጠባብ ምልክትና የብሎን ቀዳዳዎች።

ግቢው ከጊዮርጊስ ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሲወረድ ከመንገዱ ገባ ብሎ ነው። ልጅ ያልነበራቸው አንዲት ሴትዮ ሲሞቱ ጧሪ ለሌላቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ይሁን ብለው የተዉት ነው። የሰፈሩ ሰዎች ያቋቋሙት ትንሽ ኮሚቴ አለ፤ እህቴ ደግሞ በኮሚቴው ስር አስተዳዳሪ ነበረች። አስተዳዳሪ ሲባል ትልቅ ነገር ይመስላል። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ በርሜል መሙላት ነው። ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ ምድጃ ሰክቶ መብራቱ ሲጠፋ ማን እንደሰካ ሳይጠይቁ መመለስ ነው። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ሲሞላ መጣጭ መኪና መለመን ነው፤ መኪናው መጥቶ መንገዱ ጠቦኛል ሲል ደግሞ ሾፌሩን እንደገና መለመን ነው። ይህን ሁሉ የማውቀው አሁን እኔ ስለምሠራው ነው።

ሥራውን በጀመረች ሰሞን አንድ ሽማግሌ ክፍላቸው ውስጥ ወደቁ። በሩን ከውስጥ ቀርቅረው ነበር። ድምፃቸው ይሰማል፤ መግባት ግን አልተቻለም። አናጢ እስኪመጣ ድረስ እህቴ አፏን በሩ ስንጥቅ ላይ ለጥፋ ስታጫውታቸው ቆየች። ሽማግሌው ተረፉ፤ ከዚያ በኋላ ግን ቆመው አልሄዱም። በማግስቱ ካቻቢቴ ይዛ ከክፍል ክፍል ዞረች። ሁሉም ተቆጡ። እሷም፣ “እኔ በር ላይ አለሁ፤ ምን ያስፈራችኋል?” አለቻቸው። እውነቷን ነበር። የእሷ ክፍል ከግቢው መግቢያ አጠገብ ነው፤ እሷ ሳታየው ማንም አያልፍም።

የራሷን መቀርቀሪያ ግን አልነቀለችም። ይህን እኔ ያወቅኩት በሞተችበት ጠዋት ነው።

የደወሉልኝ ጎረቤቷ ናቸው፤ ዓይናቸው እስኪደክም ድረስ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሽማግሌ። የእሳቸውና የእህቴ ክፍል የሚጋሩት አንድ ግድግዳ ነው። “ረፍዷል፣ አልወጣችም” አሉኝ። ቤታችን ቅርብ ነው፣ ሮጥኩ። አንኳኳሁ፣ ጠራኋት፣ ገፋሁ። እንቢ አለ። አጠገባችን ከሚሠራው ሕንፃ ዲጂኖ ተዋስኩና መቃኑን ሰበርኩት። እንጨቱ ሲሰነጠቅ... ይህን መጻፍ አልችልም። ወለሉ ላይ ነበረች፤ ፊቷ ወደ በሩ። ሐኪሞቹ ልቧ ነው፣ ወዲያው ነው፣ አልተሰቃየችም አሉን። ለሁሉም ሰው እንደዚያ የሚሉ ይመስለኛል።

ከቀብሩ በኋላ ኮሚቴው ሌላ ሰው እስኪያገኝ እንድሠራ ጠየቀኝ። አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ያገኘሁትን እየሠራሁ ነበር፤ እሺ አልኩ። ክፍሏ ገብቼ መኖር ጀመርኩ። መቃኑን አላሠራሁትም፤ ለምን እንዳላሠራሁት አላውቅም። በሩ ገጠም ይላል እንጂ አይዘጋም። ነፋስ ሲነካው ሰው እንደገፋው ቀስ ብሎ ይከፈታል። መጀመሪያ ሰሞን በተከፈተ ቁጥር ቀና እል ነበር። አሁንም እላለሁ።

አንድ ቀን ልብስ ሰፊው ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ቁልፍ ሲተክሉ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

“አባባ፣ ያን ሌሊት ግድግዳው ሲመታ አልሰሙም?”

መርፌያቸው ቆመ። “የቱ ግድግዳ?”

“የእሷና የእርስዎ።”

“እኔ እኮ የራሴንም ሳል አልሰማ ልጄ።” ክሩን ጠበቅ አድርገው ሳቡና፣ “ብሰማ ዝም የምል ይመስልሃል?” አሉኝ።

“ኧረ አይመስለኝም አባባ።”

“ታዲያ አትጠይቀኝ።”

ደግሜ አልጠየቅኳቸውም። በማግስቱ ውሃ ላደርስላቸው ስገባ ግን አልጋቸውን አዙረውታል። ትራሳቸው ከእኔ ግድግዳ ጋር ተጣብቋል።

የመቀርቀሪያው ነገር የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ከግቢያችን ጀርባ የነበሩት ቤቶች ከፈረሱ ወዲህ በዚያ በኩል የቀረን አጥር ቆርቆሮ ብቻ ነው፤ እሱም በአንድ ጥግ ተገንጥሎ ሰው ያሾልካል። በዚያ ጥግ በኩል የሚኖሩት እማማ የምንላቸው አሮጊት ናቸው። በወጣትነታቸው ውቤ በረሃ መጠጥ ቤት ሠርተዋል። ይህን አይደብቁም፤ እንዲያውም ሰው እንዳይረሳው የሚፈልጉ ይመስላሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ ጋደም ብለው ሲነቁ የማያውቁት ሰው በራቸውን ከፍቶ ቆሟል።

“ምን ወሰደ እማማ?” አልኳቸው ስደርስ።

“ምንም። ምን አለኝና! ቆሞ አየኝ። ሰርቆኝ ቢሆን ይገባኝ ነበር። ዝም ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ሄደ።”

“ምናልባት ቤት ተሳስቶ ይሆናል።”

“አንተ ደግሞ ፋራ ነህ። ስንት ዘመን በር ከፍቼ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ የተሳሳተ ወንድና ያልተሳሳተ ወንድ አይጠፋኝም።” ነጠላቸውን ግን እስከ አንገታቸው ጠቅልለው ነበር። “መቀርቀሪያዬን መልስልኝ።”

“እማማ፣ እህቴ እኮ...”

“እህትህ በር ላይ አለሁ ነበር ያለችኝ። አሁን የለችም።”

እሳቸው ደግሞ አልለቀቁኝም። እስከ እሑድ መቀርቀሪያው ካልተመለሰ ወጥቼ ጊዮርጊስ ደጅ ከነዳያኑ ጋር እተኛለሁ አሉኝ። እዚያ ቢያንስ ሰው ብዙ ነው አሉ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ማታውን ሳይ ብርድ ልብሳቸው ታጥፎ፣ በገመድ ታስሮ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ጉልበታቸው አይችልም፣ ደረታቸው አይችልም። በብርዱ ቢያድሩ የሚመለሱ አይመስለኝም።

የኮሚቴውን ሰብሳቢ ፒያሳ ኬክ ቤት አገኘኋቸው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ደግ ሰው ናቸው፣ ግን ይፈራሉ።

“ጋሼ፣ ለእሳቸው ብቻ ቢሆን።”

“ለአንዷ ከተገጠመ ነገ ሁሉም ነው የሚጠይቀው። እህትህ ለምን እንደነቀለችው ታውቃለህ።”

“አውቃለሁ። ግን ሊሄዱ ነው ጋሼ።”

“ዘግተው ወድቀው ቢቀሩስ? እኔ አላዝህም፤ አልከለክልህምም። ግን በሩን ሰብረህ የምትገባው አንተ ነህ።” ይህን ካሉ በኋላ ለማን እንደተናገሩት ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ ያማሰሉትን ማኪያቶ እንደገና ያማስሉ ጀመር።

ስመለስ ወሬው ቀድሞኛል። ልብስ ሰፊው ከአሮጌ ኮት ገበር ረጅም ማሰሪያ ሰፍተው ለእማማ ይዘው መጥተዋል።

“ከውስጥ በዚህ ታስሪዋለሽ። አንድ ነገር ከሆንሽ ልጁ መቀስ በስንጥቁ አስገብቶ ይበጥሰዋል።”

እማማ ማሰሪያውን ዘርግተው አዩት። “በር ብጠይቅ መቀነት ሰጠኸኝ? ሌባው ይፈታዋል ወይስ ይታጠቀዋል?”

“የማታመሰግን!”

“ለእህል ከረጢት አድርገው፣ አመሰግንሃለሁ።”

ሳቅኩ። እህቴ ከሞተች ወዲህ ድምፅ አውጥቼ ስስቅ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ወዲያው አፈርኩና ክፍሌ ገባሁ።

ክፍሌ መግባት ማለት ግን ብቻ መሆን አይደለም። ቀኑን ሙሉ ሰው ይመጣል። አንዱ መድኃኒቱ ላይ የተጻፈውን እንዳነብለት፣ አንዷ አምፖሏ እንደተቃጠለ ልትነግረኝ፣ አንዱ ዝም ብሎ ሊቀመጥ። ማንም አያንኳኳም፤ የሚንኳኳ በርም የለኝም። ያን ቀን የእህቴን ሹራብ ከሻንጣዋ አውጥቼ ፊቴን ቀብሬበት ነበር። በሩ ተከፈተ። ነፋስ መስሎኝ ቀና አላልኩም። እማማ ናቸው፤ ሲያዩኝ ደነገጡ።

“እማማ፣ እባክዎ፣ ቢያንኳኩ።” ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

“ምኑን ላንኳኳ? በር አለህ እንዴ?” ካሉ በኋላ ሹራቡን አዩት። መጥተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። “እናንተ ጴንጤዎች ደግሞ አርባ አታወጡ፣ ሰማንያ አታወጡ። ሐዘኑ መቼ በቃ እንደሚባል በምን ታውቃላችሁ?”

“አናውቅም” አልኳቸው።

“እሷም እንደዚህ ከሰዓት ከሰዓት ትዘጋ ነበር። ስትቀረቅር እንሰማታለን። ያኔ ማንም አያንኳኳም። ትንሽ ትቆያለች፣ ከዚያ ፊቷን ታጥባ ትወጣለች።”

“ታውቁ ነበር? የእናንተን ነቅላ የራሷን ስታስቀር አልተናደዳችሁም?”

“ተናደን ነበር እንጂ! በኋላ ተውነው። ቀኑን ሙሉ የእኛ ናት፤ ለራሷ ያላት ያቺ በር ብቻ ነበረች።” ተነሱ። “እኔም እንደሷ ነው የምፈልገው የኔ ልጅ። ለሌባው ብቻ አይደለም።”

ከዚያ በኋላ ብዙ አላሰብኩም። ወይም ሳስበው ቆይቼ ይሆናል። ለሰብሳቢው ደውዬ ልገጥም ነው አልኳቸው። “ሰምቻለሁ” ብቻ አሉ። ከእቃ መሸጫ አዲስ መቀርቀሪያ ገዛሁ። ቅዳሜ ጠዋት ገጠምኩት። የድሮዎቹ ቀዳዳዎች ሰፍተው ብሎን አይዙም፤ ስለዚህ ትንሽ ከፍ አደረግኩት። እማማ ሥራዬን አጠገቤ ቆመው ሲነቅፉ ቆዩ። የታሰረውን ብርድ ልብስ ፈትተው አልጋው ላይ ሲያነጥፉት አየሁ።

“በል ውጣ። ልሞክረው።”

ወጣሁ። በሩ ተዘጋ። ብረቱ ሲንሸራተትና ሲገባ ሰማሁት። ከዚያ ምንም። ካቻቢቴውን እንደያዝኩ ቆምኩ። መሄድ ነበረብኝ፤ በርሜሉ አልተሞላም። ጆሮዬን ወደ እንጨቱ አስጠጋሁ። የሳል ድምፅ እንኳ የለም።

“እማማ?”

ዝም።

“እማማ!”

“ምንድን ነው አንተ! አለሁ። ሂድ።”

“እሺ፣ እየሄድኩ ነው።”

አልሄድኩም።

“ጥላህ በበሩ ስር ይታየኛል እኮ” አሉ ከውስጥ።

ጥላዬ እንዳይታያቸው ወደ ጎን፣ ግድግዳውን ተጠግቼ ቆምኩ።