የታጠነው ቀፎ

ትናንት ሁሩሙ ገበያ አንድ ገበሬ የታጠነ ቀፎ ይዞ አጠገቤ ሲቆም ጢሱ ሸተተኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ ከሃያ አምስት ዓመት በፊት በጣሊያን ጊዜ፣ አባቴ መቱ ላይ የጣሊያኖችን ካሚዮን ይጠግን ነበር። አንዱ ካሚዮን አቧራ እየዋጠ ሞተሩ ቢታፈንበት፣ ከጋቢናው በላይ ሆኖ አየር የሚስብ ቱቦ ሊሠራለት አሰበ።

"ኢንታሎ፣ የኔ ልጅ፣ ከጓሮ ባዶ ቀፎ አምጪልኝ። ሞተርም እንደኛው ንጹህ አየር ይወዳል" አለኝ።

ሽታው ስለጣመኝ፣ እናቴ ንብ እንዲገባበት ያጠነችውን መርጬ ሰጠሁት። ቤንዚን የለመደ አፍንጫው አልለየውም። ከታች አቧራ የሚያጣራ ጨርቅ ወጥሮ ከሞተሩ ጋር አገናኘው፤ ካሚዮኑም እያጓራ ወደ ቡሬ ሄደ።

እዚያ ሦስት ቀን ሲቆም የንብ መንጋ ሰፈረበት፤ ሞተሩ አልነሳ አለ። የጣሊያኖቹ መኮንን "ሆን ብሎ ያደረገው ነው" ብሎ ወታደሮች ላከ።

አባቴን ሲያስሩት "ቀፎውን እኮ እኔ..." ስል ቶሎ አቋረጠኝ።

"ዝም በይ ልጄ! ንቧ ምን ታድርግ? ቤቷ መስሏት ነው።"

ያኔ የሚያዝነው ለንቧ መስሎኝ ነበር። አልተመለሰም። ለእናቴም እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

"እህቴ፣ ሳምንት ሳይሞላው ንብ ይገባበታል" አለኝ ገበሬው፣ ቀፎውን እያሞገሰ።

"አውቃለሁ" አልኩት።