ለዒድ የሚወጣው ጌም

ብኸይታ ሆደ ሰፊ ናት ቢባል ውሸት ነው። ቱግ ለማለት አፍታ አይፈጅባትም። ቢሆንም በአሶሳ ገበያ ሬዲዮ የሚገዛ ሰው "ብኸይታ አይታዋለች ወይ?" ሳይል ኪሱ አይገባም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችው በሬዲዮ ሱቋና በዚሁ በመታመኗ ነው።

ታናሽ ወንድሟን ሐመድን ድንበር ማዶ ሬዲዮ አምጣልኝ ብላ ላከችው። እሱ አንድ የእጅ ጌም ብቻ ይዞ ከች አለ! "ሬዲዮው ይደርሳል። መጀመሪያ ይቺን እያት። ባለቀለም ናት፤ ገና ለዒድ ነው ገበያ የምትወጣው። ክልል ሆነናል እኮ! ቢሮው ሁሉ ደመወዝተኛ ነው፤ ለልጁ የማይገዛ ማን አለ?" አላት።

አየችው። ቀለሙስ ወላሂ ያምራል። ግን አራት የባትሪ ድንጋይ ይጎርሳል። እዚህ አገር ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ አሙቆ መልሶ መጠቀም ነው፤ እሷም ቆርቆሮ ላይ ሲሞቁ የዋሉትን ከተተችበት። ሬዲዮ ቢሆን ሲለፈልፍ ያመሽባቸው ነበር። ጌሙ ብልጭ ብሎ ድርግም አለ። አዲስ ድንጋይ አደረገችለት፤ ጥላ ውስጥ ስክሪኑ አይታይም። ደጅ አወጣችው፤ ሙቀቱ ሲያገኘው ስክሪኑ ጠቁሮ ከሰል መሰለ።

"ይሄን የሠሩት ሰዎች አሶሳን አያውቋትም። ሁለት ሦስት ሹም ይገዛል፤ እነሱም እየተራገሙ ይመልሱታል። አይሆንም!" አለች።

ሐመድ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

"ሬዲዮዎቼ የት አሉ?"

"በገንዘብሽ ገዝቼ ማዶ ላለው የጌሙ ነጋዴ አስረከብኳቸው። በምትካቸው ጌሙ ሲወጣ ይልክልናል።"

"ታዲያ ምን ቀረህና እይው አልከኝ?"

"አንቺ ጥሩ ነው ካልሽ ሰው ይገዛላ! አንድ ቃል ብቻ፣ እህቴ።"

ደሟ ፈላ። መልስ ሳትሰጠው የሰፈሩ አስተማሪ ጤናዬ ሱቁ በር ላይ ብቅ አለች። "ሐመድ ያወራልን ጌም ይሄ ነው? ብኸይታዬ፣ ለልጄ ላስመጣለት እንዴ?"

ሐመድ በዓይኑ ለመናት።

ብኸይታ ስትናደድ አማርኛዋ ሴትና ወንድ መለየት ይተዋል። "አትግዛ፣ ጤናዬ! ለኛ አገር አይሆንም። አትግዛ!"

ጤናዬ ደንግጣ ሄደች።

"ገደልሽኝ!" አለ ሐመድ።

"ሬዲዮዎቼን ብቻ ብትወስድ ወንድሜ ነው ብዬ፣ አልቅሼም ቢሆን እተውልህ ነበር። አንተ ግን ሳትጠይቀኝ ቃሌን ሸጥከው። ውጣ ከሱቄ!"